በሚታረስ የፒት አፈር ላይ የካርቦን ልቀትን ይበልጥ የሚወስነው እርጥበት ነው ወይስ ሙቀት?

ጥያቄ፦
ረግረግ ተጠንፍፎ እርሻ በሆነበት የፒት አፈር ላይ፣ ማለትም በውኃ ተውጦ ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት በተከማቸ የዕፅዋት ቅሪት ላይ፣ የሚታየውን የካርቦን ልቀት እያጠናሁ ነው። ልቀቱ የሚጨምረው በሞቃት ወራት ነው፤ ይሁን እንጂ በእነዚያው ወራት አፈሩም ስለሚደርቅ፣ ጭማሪው ከሙቀቱ ይሁን ከድርቀቱ የመጣ መለየት ተቸግሬአለሁ። ሁለቱን እንዴት ነጣጥሎ ማየት ይቻላል? ልቀቱን ለመቀነስስ በየትኛው ላይ ማተኮር ይሻላል?

መልስ 1፦
ሁለቱም ድርሻ አላቸው፤ ድርሻቸው ግን የተለያየ ነው። እርጥበት የሚወስነው ኦክስጅን ወደ አፈሩ መግባት አለመግባቱን ሲሆን፣ ሙቀት የሚወስነው ደግሞ ኦክስጅን ያገኙት ረቂቅ ተሕዋስያን የሚሠሩበትን ፍጥነት ነው። ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ስለሆነ፣ ውኃ በሞላው ፒት ውስጥ መበስበሱ እጅግ አዝጋሚ ነው። በዚያ ላይ ፊኖል የተባሉትን ውህዶች የሚሰባብረው ኢንዛይም ያለ ኦክስጅን በሚገባ ስለማይሠራ፣ ውህዶቹ ተከማችተው የሌሎቹን ኢንዛይሞች ሥራ ጭምር ያፍናሉ። ውኃው ሲጠነፈፍ ይህ መከላከያ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሲየስ በጨመረ ቁጥር የመበስበሱ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያድጋል። አፈሩን ማቀዝቀዝ ለማይችል አራሽ በእጁ ያለው የውኃው ከፍታ ስለሆነ፣ ትኩረቱ እዚያ ላይ ይሁን እላለሁ።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አፈሩ በደረቀ ቁጥር ልቀቱ ሳያቋርጥ ይጨምራል ማለት አይደለም። የላይኛው ንብርብር ከመጠን በላይ ሲደርቅ ተሕዋስያኑ ራሳቸው ውኃ ስለሚያጥራቸው ልቀቱ መልሶ ይቀንሳል፤ ያው የደረቀ አፈር ዝናብ ሲያገኝ ደግሞ ልቀቱ ለአጭር ጊዜ በድንገት ያሻቅባል። በሌላ በኩል ውኃው ከአፈሩ ገጽ ሲደርስ ሚቴን መመንጨት ይጀምራል። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት፣ ክብደት ለክብደት ሲነጻጸር፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ሆኖም በከባቢ አየር ውስጥ የሚቆየው ለ12 ዓመታት ገደማ ሲሆን፣ ከደረቀ ማሳ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በየዓመቱ እየተደራረበ ይሄዳል። ስለዚህ የሚቴን ስጋት ማሳውን አድርቆ ለማቆየት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ውኃውን ከገጹ ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጎ መያዝ ሁለቱንም ጋዞች ለመግታት የተሻለ አማካይ ነው።

መልስ 3፦
ስለ መለያው ዘዴ ልጨምር። ያልተረበሹ የአፈር ዓምዶችን ወስደው እያንዳንዱን የውኃ ከፍታ በተለያየ ሙቀት ቢፈትኑ፣ መስኩ ያቀላቀለብዎትን ሁለት ነገር ለየብቻ ያገኙታል። በመስክ ላይ ደግሞ የገጹን እርጥበት ብቻ መለካት ያሳስታል፤ የላይኛው አፈር እርጥብ ሆኖ ሳለ ከሥሩ ያለው ንብርብር አየር የገባበት ሊሆን ይችላልና። የውኃውን ጥልቀትና በየንብርብሩ ያለውን ሙቀት አብረው ይመዝግቡ። የሰብሉ ሥር የሚተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከፒቱ ልቀት ጋር እንዳይደመር፣ ሥር የማይደርስበት ባዶ መደብ ያዘጋጁ። የመሬቱ መስጠምም ጠቃሚ ማስረጃ ነው፦ በእንግሊዝ ሆልም በተባለ ቦታ በ1851 ጫፉ ከመሬቱ ገጽ ጋር እኩል ሆኖ የተቀበረው የብረት ምሰሶ ዛሬ 4 ሜትር ያህል ከመሬት በላይ ይታያል። ይህ ሁሉ ግን ወደ አየር የወጣ ካርቦን አይደለም፤ ከፊሉ አፈሩ ደርቆ በመኮማተሩና በመጠቅጠቁ የመጣ ስለሆነ፣ ከመስጠሙ ልቀትን ሲያሰሉ የአፈሩን እፍጋት ለውጥ ማካተትዎን አይዘንጉ።