ሮቶ ያለበት ቤት፣ ውሃው የት እንደሚሄድ እንዴት ይታወቃል?

ባለሮቶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው አዲስ አበባ፣ ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሦስት ሌሊት የሚመጣበት ሰፈር ነው። ባለ 1000 ሊትር ሮቶ አለ። የቤቱ ሰው ሳይጨምር ፍጆታው በወር ከ9 ሜትር ኪዩብ ወደ 17 ዘሏል። ቧንቧዎቹ አይንጠባጠቡም፤ ቆጣሪውም ቀን ቀን ቆሞ ነው የሚታየው። ከየት ልጀምር?

ቧንቧ ጠጋኝ፦
ወንድሜ፣ ቀን መስመሩ ባዶ ነው፤ ቆጣሪው ቢቆም ምንም አያስረዳህም። ሁለት ቦታ ለየብቻ ፈትሽ።

ውሃ በመጣበት ሌሊት የሮቶውን መግቢያና ከመስመሩ በቀጥታ የሚቀዳ ቧንቧ ካለ እሱንም ዝጋ። ቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሿ ዘዋሪ ከተንቀሳቀሰች የተቀበረው ቧንቧ ያፈሳል። ከዚያ መግቢያው እንደተዘጋ የሮቶውን ውሃ ማታ በእንጨት ለካ፤ ጠዋት ማንም ሳይቀዳ ድገመው። የሮቶው ዲያሜትር 1 ሜትር ከ10 ከሆነ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ 9 ሊትር ተኩል ሄዷል። 5 ሴንቲ ከጎደለ ሽንት ቤቱን ጠርጥር።

ጣሪያ ላይ፦
እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የሮቶውን ተንሳፋፊ ኳስ ነው። ሌሊት ግፊቱ ሲበረታ ጎማዋ ያለቀ መዝጊያ አይችለውም፤ ትርፉ በማፍሰሻው ቱቦ ሲወርድ ያድራል፣ ጠዋት ደርቆ ይጠብቅዎታል። ከቱቦው አፍ ሥር መሬቱ ተቦርቡሮ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ ይዞ ካገኙት አይጠራጠሩ።

ውሃ እየገባ ሳለ ኳሱን በእጅ ወደ ላይ ያንሱት። ውሃው ከቆመ የኳሱን ክንድ ወደ ታች ትንሽ ጎበጥ ያድርጉት፤ ከማፍሰሻው 5 ሴንቲ ዝቅ ብሎ መዝጋት አለበት። ካልቆመ ጎማዋ ትቀየር። ኳሱንም ነቅነቅ ያድርጉት፤ ውሃ ከገባበት አይንሳፈፍም። ታሪፉ በደረጃ ስለሚጨምር ያ ሁሉ ትርፍ የሚሰላው በውዱ ዋጋ ነው።

ባለሮቶ፦
የማፍሰሻው ሥር አረንጓዴ ነው! ሽንት ቤቱስ በምን ይታወቃል?

ቧንቧ ጠጋኝ፦
የፍላሹ ጋን ውስጥ የቀዘቀዘ ቡና ጨምርና 30 ደቂቃ ሳትለቅ ቆይ። መቀመጫው ውስጥ ቀለም ከታየ የታችኛው ጎማ አይገጥምም። ለመግዛት አትቸኩል፤ ብዙ ጊዜ ከሮቶው የወረደ ደቃቅ አሸዋ ነው፣ ጠርዙን በጨርቅ ጥረገው። ጎማው ደርቆ ከተቆለመመ ግን አሮጌውን ይዘህ ሱቅ ሂድ፣ መጠኑ ይለያያል። በረኪና ጋኑ ውስጥ አትጨምር፣ ጎማውን የሚያደርቀው እሱ ነው።

ጣሪያ ላይ፦
የልብስ እጣቢም ጋኑ ውስጥ አይግባ። ሽንት ቤቱን በእጣቢው ለመልቀቅ ከሆነ 6 ሊትር ያህል በባልዲ፣ በአንድ ጊዜ፣ በቀጥታ መቀመጫው ውስጥ ይድፉት።