በዘር ንቀት ያደገ ሰው አሳቡን የሚለውጠው እንዴት ነው?

ጠያቂ፦ የሜሪላንድ እናት

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄዬን ከማቅረቤ በፊት የሚያሳፍረኝን ነገር በግልጽ ልናገር። ያደግሁት መልኩ ጠቆር ያለ ሰው ሁሉ «ባርያ» በሚባልበት ቤት ነው። ቃሉ ለስድብ ብቻ አልነበረም፤ በቤታችን ጠቆር ብሎ የተወለደ ሕፃን ሲቆላመጥም በዚሁ ስም ይጠራ ስለነበር፣ ክፋት ያለበት መሆኑን ሳላውቅ ለመድሁት። ለጋብቻ ሰው ሲመጣ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የሚቆጠረውም ሥጋ ዝምድናን ለመለየት ብቻ ሳይሆን «አጥንቱ ንጹሕ ነው ወይ» ለማለት ጭምር ነበር።

አሜሪካ ከመጣሁ 19 ዓመት ሆነኝ። የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ሲሆን፣ ሥራውን ያስተማሩኝ፣ ስታመም የሌሊት ተራዬን የሸፈኑልኝ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ናቸው። ያ የልጅነት አሳብ ከውስጤ የወጣበትን ቀን ለይቼ አላውቀውም፤ አንድ ቀን ስፈልገው አጣሁት።

እናቴ ከሦስት ዓመት በፊት ከእኔ ጋር ለመኖር መጡ። ባለፈው ወር የ15 ዓመት ልጄ ጥቁር አሜሪካዊት የክፍል ጓደኛዋን ይዛ መጣች። እናቴ ሰላምታዋን አልተቀበሏትም፤ ልጅቷ ከሄደች በኋላም የጠጣችበትን ብርጭቆ ለብቻው አስቀመጡት። ልጄ ብርጭቆውን አንሥታ አጠበችውና ከሌሎቹ ጋር መለሰችው። ከዚያ ወዲህ አያቷን አታናግርም።

እናቴ የሚጾሙ፣ የሚጸልዩ፣ የተራበ አይተው የማያልፉ ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር አምሳል እንደ ተፈጠረ ስነግራቸው «እሱማ እውነት ነው» ይላሉ፤ ነገር ግን ምንም አይለወጥም። በዚህ አገር ሰዎች ዓይን እኛና ልጅቷ አንድ መሆናችንን ባስረዳቸው «እኔን ከእነሱ ጋር አታመሳስዪኝ» አሉኝ። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ እንዲህ ካለ አስተዳደግ በኋላ በእርግጥ የተለወጡ ሰዎች አሉ? የለወጣቸውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ የዱርሃም ነዋሪ

እህቴ፣ የምኖረው በሰሜን ካሮላይና ዱርሃም ከተማ ነው፤ ስለዚህ በዚሁ ከተማ የሆነውን የሲ. ፒ. ኤሊስንና የአን አትዋተርን ታሪክ ልንገርዎ። ኤሊስ ድሃ ነጭ ነበር። ነዳጅ ማደያ ይዞ ሌት ተቀን ቢለፋም ኑሮ አልሞላ አለው። አባቱ ጥቁሮችን በሚጠላው የነጮች ማኅበር፣ የኩ ክላክስ ክላን አባል ስለነበር ለድህነቱ ጥቁሮችን መውቀስ አዲስ ትምህርት አልሆነበትም፤ ኋላ ራሱ እንደ ተናገረው፣ የክላን አባል ሆኖ ሲምልና ሲጨበጨብለት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁም ነገር ያለው ሰው የሆነ መስሎት ነበር። ቀስ በቀስም የዱርሃሙ ክላን መሪ እስከ መሆን ደረሰ። አን አትዋተር ደግሞ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ ለድሆች የመኖሪያ ቤት መብት የምትሟገት ጥቁር ሴት ነበረች። ኤሊስን እጅግ ከመጥላቷ የተነሣ በአንድ የከተማው ስብሰባ ላይ ንግግሩ አንገሽግሿት ቢላዋ አውጥታ ስትነሣ ወዳጆቿ ናቸው የያዟት።

እ.ኤ.አ. በ1971 የነጮችና የጥቁሮች ትምህርት ቤቶች እንዲቀላቀሉ በመታዘዙ ከተማው ሲታመስ፣ ቢል ሪዲክ የተባለ ጥቁር አስተባባሪ የአሥር ቀን የሕዝብ ጉባኤ ጠራ። የጉባኤው ተባባሪ ሰብሳቢዎች ሆነው የተመረጡትም እነዚህ ሁለት ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ ላይ እርስ በርስ መነጋገር እንኳ ይከብዳቸው ነበር። ከዚያ ግን አንድ ቀን ለብቻቸው ተቀምጠው ሲጨዋወቱ የሁለቱም ልጆች በወላጆቻቸው ምክንያት በትምህርት ቤት እየተሰደቡ እንደ ነበር ተረዱ፤ የእሱ ልጆች አባታቸው ከጥቁር ጋር በመሥራቱ፣ የእሷ ልጆች እናታቸው ከክላን ጋር በመሥራቷ። ሁለቱም አለቀሱ። በጉባኤው ላይ የወንጌል መዝሙር ይዘመር ስለነበር፣ ኤሊስ ከምቱ ውጪ ሲያጨበጭብ ያየችው አትዋተር እጁን ይዛ አጨባጨቡን አስተማረችው። በመዝጊያው ምሽት የክላን መታወቂያውን በሕዝብ ፊት ቀደደ።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እኔ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ይበልጥብኛል። የቀድሞ ወዳጆቹ እንደ ከዳተኛ ቆጥረው ራቁት፤ የግድያ ዛቻም ደረሰበት። ያደገበትን ማኅበር በአንድ ምሽት አጣ። መቆሚያ ያገኘው ቆይቶ፣ አብዛኞቹ አባላቱ ጥቁሮች በሆኑበት የሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ተመርጦ ሲሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሞት በቀብሩ ላይ ከተናገሩት መካከል አትዋተር ነበረች። እናትዎም አሳባቸውን ቢለውጡ የሚያጡት ነገር እንዳለ አይርሱ፤ ያሳደጓቸው እናትና አባት ተሳስተው ነበር ብለው ማመን ይኖርባቸዋል። ለአንድ አረጋዊት ይህ ቀላል አይደለም።

መልስ፦ መምህር

የሥነ ልቦና መምህር ነኝ። ከላይ የተነገረው ታሪክ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ካስቀመጡት አሳብ ጋር በሚገባ ይስማማል። እሳቸው እንደሚሉት ሁለት ወገኖች መገናኘታቸው ጥላቻን የሚቀንሰው በተለይ በእኩልነት ሲገናኙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ለዚያ ግብ ተባብረው ሲሠሩ፣ ባለሥልጣን ወይም ሕግ ሲደግፋቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ፔቲግሩና ትሮፕ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ500 በላይ ጥናቶችን መርምረው፣ ግንኙነት በአብዛኛው ጥላቻን እንደሚቀንስ አሳይተዋል።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ ደጋግሜ የማስበው የመጀመሪያውን፣ ማለትም እኩልነትን ነው። አብሮ መኖር ብቻውን ቢበቃ ኖሮ የአሜሪካ ደቡብ ከሁሉ ቀድሞ በተፈወሰ ነበር፤ የነጮቹን ልጆች ያሳደጉት፣ ምግባቸውን የሠሩት ጥቁር ሴቶች ነበሩና። በእኛም አገር በብዙ ቤት ውኃ የቀዳችው፣ እህል የፈጨችው፣ ሕፃን ያዘለችው ሴት በዚያው ቤት እየኖረች በዚያው ቃል ስትጠራ ኖራለች። መቀራረብ ነበረ፤ ፍቅርም የነበረበት ቤት አለ፤ ነገር ግን አንዷ ሁልጊዜ ታዛዥ፣ ሌላዋ ሁልጊዜ አዛዥ ስለነበሩ ንቀቱ አልተነካም። እህቴ፣ እርስዎን የለወጥዎት ጥቁር ሴቶችን ማየትዎ ሳይሆን እነሱ ሥራ አስተማሪዎችዎ፣ እርስዎ ተማሪ መሆንዎ ይመስለኛል። ስለዚህ ምናልባት እናትዎን ስለ አሜሪካውያን ከመጠየቅ ይልቅ በልጅነታቸው ቤት ስላገለገለችው ሰው ቢጠይቋቸው ይሻላል። ሙግት አያድርጉት፤ ትዝታ ይጠይቋቸው።

መልስ፦ የባሮ ልጅ

የተነገረውን ሁሉ በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ጋምቤላ ተወልጄ ለትምህርት አዲስ አበባ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ስለዚያ ቃል ከሌላው ወገን ሆኜ እናገራለሁ። በተማርሁበት ተቋም አብረውኝ ከሚበሉት ልጆች አንዱ፣ እኔ እየሰማሁ፣ «እሱ እኮ ባርያ ቢሆንም ጎበዝ ነው» ብሎ አመሰገነኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ የጎዳኝም ክፉ አለመሆኑ ነው።

የምቃወመው አንድ ነገር ነው። በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ የተናቀው ሰው ሁልጊዜ ታጋሽ፣ ሁልጊዜ አስተማሪ እንዲሆን ይጠበቃል። አትዋተር ያን ሰው እጁን ይዛ ማጨብጨብ ስታስተምረው የራሷን ቁጣ ምን ያህል እንደ ዋጠች ማን አሰበላት? እህቴ፣ እናትዎን ለማስተማር ብለው ያችን የ15 ዓመት ልጅ ደግመው እንዳይጋብዟት እለምንዎታለሁ። ልጅቷ ወደ ቤትዎ የመጣችው ጓደኛዋን ብላ ነው።

ደግሞም ሰው ሁሉ እስኪለወጥ መጠበቅ የለብንም። ጋለፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መዛኝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1958 አሜሪካውያንን ሲጠይቅ የነጭና የጥቁር ጋብቻን የደገፉት 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 እንዲህ ያለውን ጋብቻ የሚከለክሉትን ሕጎች ሲሽር 16 ግዛቶች ክልከላውን ይዘው ነበር፤ በማግሥቱ ዓመትም ደጋፊው ገና 20 በመቶ ነበር። በ2021 ግን 94 በመቶ ደረሰ። ፍርድ ቤቱ የሕዝቡን ልብ ቢጠብቅ ኖሮ ስንት ትዳር ሳይመሠረት በቀረ ነበር! እርግጥ ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ በአገራችን ባርነት በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተከልክሏል፣ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ በየቤቱ አለ። ቢሆንም በቤትዎ ውስጥ ሕግ ማውጣት የሚችሉት እርስዎ ነዎት። ያ ቃል በዚህ ቤት አይነገርም፣ እንግዳ የጠጣበት ብርጭቆም አይለይም ማለት ይችላሉ። እናትዎ ልባቸው እስኪመለስ ድረስ እንኳ ልጅዎ የቆሙበትን ታውቃለች።

መልስ፦ አንባቢ ከሳራሶታ

የባሮ ልጅ ያሉት እውነት ነው፤ አንድ ምሳሌ ልጨምርበት። እዚህ ሳራሶታ በሚገኘው ኒው ኮሌጅ ኦቭ ፍሎሪዳ የተማሩት ዴሪክ ብላክ፣ አባታቸው ዋና ከሚባሉት የነጭ ዘረኞች ድረ ገጾች አንዱን የመሠረቱ፣ ራሳቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ ለዚያው ዓላማ የተሰለፉ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ማንነታቸው በኮሌጁ ሲታወቅ ብዙዎቹ ተማሪዎች አወገዟቸው። ማቲው ስቲቨንሰን የተባለ አይሁዳዊ ተማሪ ግን ዓርብ ማታ ለሰንበት እራት ጋበዛቸው፤ ለረጅም ጊዜም የዘርን ጉዳይ አላነሣባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴሪክ ብላክ የቀድሞ እምነታቸውን በይፋ ካዱ። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ እራቱ ነው፤ እሳቸው ግን ውግዘቱም ድርሻ እንደ ነበረው ተናግረዋል፤ ሰዎች ባይቆጡባቸው ኖሮ የሚጠይቁት ነገር አይኖርም ነበር። ስቲቨንሰንም የጋበዘው ማንም አስገድዶት ሳይሆን በራሱ ፈቃድ ነው። ስለዚህ የልጅዎ ዝምታም ለአያቷ የሚነግራቸው ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ቶሎ እንድታስታርቋቸው አልመክርም።

ጠያቂ፦ የሜሪላንድ እናት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የባሮ ልጅ፣ በተለይ እርስዎን፤ ልጅቷን ዳግመኛ ልጋብዛት አስቤ ነበርና ስለ እሷ እንዳላሰብሁ አስታወሱኝ። ያንን የቤት ሕግ በማግሥቱ ለእናቴ ነገርኋቸው። ተቆጡ፤ ሁለት ቀን ቡናዬን አልጠጡም።

ትናንት ግን ቡና እያፈላሁ መምህሩ እንዳሉኝ አደረግሁ። በልጅነታቸው ያዘለቻቸው ማን እንደ ነበረች ጠየቅኋቸው። ፊታቸው ፈካ፤ ስለ ዘፈኗ፣ ቆሎ ስለምትደብቅላቸው፣ በዝናብ ወንዝ ስላሻገረቻቸው ለረጅም ጊዜ አወሩልኝ። ስሟን ስጠይቃቸው ግን ዝም አሉ። ቆይተው «ስሟንማ አላውቀውም። እኛ በዚያ ቃል ነበር የምንጠራት» አሉኝ። ከዚያ ሁለተኛውን ቡና ሳይጠጡ ተነሥተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ዛሬ ጠዋት አገር ቤት ላለችው ታላቅ እኅታቸው እንድደውልላቸው ለመኑኝ፤ ስሟን የምታስታውስ እንደ ሆነ ሊጠይቋት ነው።