የዕቅድ ውይይት፦ የአላስካ ነባር ሕዝቦች ኮርፖሬሽኖችን ውጤት በምን እንመዝን?

ሰብሳቢ፦ ውድ አባላት፣ የጋራ ጥናታችን ዕቅድ ዓርብ ይዘጋል። ረቂቁ የአላስካ ነባር ሕዝቦች በባለአክሲዮንነት የያዟቸውን 12ቱን የክልል ኮርፖሬሽኖች በዓመታዊ የተጣራ ትርፍ በደረጃ ያስቀምጣል። ያላችሁን አምጡ።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ ደረጃው ይቅር እላለሁ። ኮርፖሬሽኖቹን ያቋቋመው የ1971ዱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ሕግ ለክልልና ለመንደር ኮርፖሬሽኖች 44 ሚሊዮን ኤከር መሬትና 962.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጥ በክልሎቹ ላይ አንድ ግዴታም አብሮ ጥሏል፦ ማንኛውም የክልል ኮርፖሬሽን ከደኑና ከከርሰ ምድሩ ከሚያገኘው ገቢ 70 በመቶውን ከሁሉም ጋር ይካፈላል። ናና በተባለው ኮርፖሬሽን መሬት ላይ ያለው የሬድ ዶግ ዚንክ ማዕድን በሌሎቹም መዝገብ ገቢ ሆኖ ይታያል። ታዲያ የማንን ብርታት ነው የምንለካው?

የቀድሞ ኦዲተር፦ እህቴ ልክ ነሽ። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ 1980ዎቹ ናቸው። በ1986 ቤሪንግ ስትሬትስ የተባለው ኮርፖሬሽን ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ እስከ መጠየቅ ደርሶ ነበር። በዚያው ሰሞን ኮርፖሬሽኖቹ የተጠራቀመ ኪሳራቸውን፣ ግብር መቀነሻ ለሚፈልጉ ትልልቅ ድርጅቶች እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። በሩ በ1988 ተዘጋ። የኪሳራ ሽያጭን ከሥራ ትርፍ ጋር የደመረ ሠንጠረዥ አልፈርምበትም።

ሰብሳቢ፦ በአክሲዮን ዋጋ ብንመዝንስ?

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ ዋጋ የለውም፤ አይሸጥማ። የሽያጭ እገዳው በ1991 ሊነሣ ነበር፤ በ1988 የጸደቀው ማሻሻያ ግን ባለአክሲዮኖቹ ራሳቸው በድምፅ ካላነሡት ጸንቶ እንዲቆይ አደረገ።

አዲስ አባል፦ ይቅርታ፣ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ለአንድ አክሲዮን የደረሰውን የትርፍ ክፍፍል ብንወስድስ?

የቀድሞ ኦዲተር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ፤ ግን አደጋ አለው። በመጀመሪያው ሕግ መቶ መቶ አክሲዮን ያገኙት እስከ ዲሴምበር 18፣ 1971 (እ.ኤ.አ.) የተወለዱት ናቸው። ከዚያ በኋላ የተወለደ በውርስ ወይም በስጦታ ካልደረሰው ባዶ እጁን ነው። አርክቲክ ስሎፕ፣ ናና፣ ዶዮንና ሲአላስካ ድምፅ ሰጥተው ልጆቻቸውን አስገብተዋል። አክሲዮኑ ሲበዛ የእያንዳንዱ ድርሻ ይሳሳል። በአንተ መለኪያ ልጆቹን ያስገባው ወደ ታች ይወርዳል፤ በር የዘጋው ከላይ ይቀመጣል። ይህን እንዴት አድርገን «ደካማ አፈጻጸም» እንበለው?

ሰብሳቢ፦ አሳመናችሁኝ። ደረጃው ከረቂቁ ይሰረዛል። አዲሱ አንቀጽ፦ «ጥናቱ የእያንዳንዱን ኮርፖሬሽን የራሱን የሥራ ትርፍ፣ ከሌሎች የደረሰውን የሀብት ድርሻ፣ እንዲሁም ጠቅላላ ክፍፍሉንና የባለአክሲዮኖቹን ብዛት ለየብቻ ያቀርባል፤ የኪሳራ ሽያጭ ዘመን በተለየ ሠንጠረዥ ይታያል።» እህቴ፣ የሠንጠረዡን ዓምዶች እስከ ረቡዕ አድርሺልን።

የሒሳብ ባለሙያዋ፦ እሺ። አዲሱ አባል ከእኔ ጋር ይሥራ።