እናቴ በቀን 4 ሊትር ውሃ ትጠጣለች፤ አይበዛም?

ጥያቄ፦ የአዳማ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊግራም በቀን አንድ ፍሬ ትወስዳለች። ከሁለት ወር ወዲህ «የውሃ ሕክምና» የሚል ቪዲዮ አይታ ጠዋት በባዶ ሆዷ 1.5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ትጠጣለች፤ ከዚያ እስከ ማታ ባለ 2 ሊትሩን ሃይላንድ ትጨርሳለች። ሻይና ቡናው ሲደመር ወደ 4 ሊትር ይጠጋል። ጠምቷት ሳይሆን «መርዝ ያጥባል» ብላ ነው። ሰሞኑን ራሷን ያማታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ሌሊት ባቷን ጨምድዶ ይይዛታል፣ ስትራመድም ትንገዳገዳለች። ግፊቷ 130/80 ነው። ለመሆኑ በቀን ስንት ይበቃል? ሲበዛስ ይጎዳል?

ሰላም ለኢትዮጵያ፦
ውሃ በዝቶ አይጎዳም እህቴ፣ ኩላሊት ትርፉን ያወጣዋል። ራስ ምታቱ መርዙ ሲወጣ የሚመጣ ነው፣ ትታገስ።

ነርስ ድንገተኛ ክፍል፦
ከላይ ያለውን ምክር አትስሚ። ዕድሜያቸው፣ መድኃኒታቸውና የውሃው ብዛት አንድ ላይ ገጥሟል። እነዚህ ምልክቶች እንዲህ ባለ ሰው ላይ ተደርበው ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የደም ሶዲየም (በደም ውስጥ ያለው ጨው) ማነስ ነው። ጤነኛው ልክ በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። ውሃ ሲበዛ ደም ይቀጥናል፣ ውሃው ወደ ሴሎች ገብቶ ያሳብጣቸዋል። ሌላው አካል ቢያብጥ ቦታ አለው፤ አንጎል ግን በራስ ቅል ስለተዘጋ መሄጃ የለውም። ራስ ምታቱም ማቅለሽለሹም ከዚያ ነው።

የጠዋቱን 1.5 ሊትር ዛሬውኑ አስቁሚ። እስኪመረመሩ ድረስ ሲጠማቸው ብቻ ይጠጡ፤ ሻይ፣ ቡናና ሾርባ ተደምሮ በቀን ከአንድ ሊትር ብዙ አይለፍ። የነገውን ኪኒን ከመዋጣቸው በፊት ሐኪም ይያቸው። ንግግራቸው ከተምታታ፣ ደጋግመው ካስመለሳቸው፣ ያለወትሯቸው እንቅልፍ ካበዙ ወይም ካንቀጠቀጣቸው ግን ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ሌሊትም ቢሆን።

ሁለት ነገር እንዳታደርጉ። ጨው በጥብጣችሁ አታጠጡ፤ የሰነበተ የሶዲየም ማነስ ቀስ ተብሎ ነው የሚስተካከለው። ሆስፒታል ውስጥ እንኳ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 10 ሚሊሞል በላይ እንዳይጨምር ደም እየተቀዳ ይጠበቃል፤ በፍጥነት ከወጣ አንጎልን ለዘለቄታው ይጎዳል። ሁለተኛ፣ «ደክሟታል» ብላችሁ ክሊኒክ ወስዳችሁ ጉሉኮስ አታሰቅሉ። ባለ 5 ፐርሰንቱ ጉሉኮስ ስኳሩን ሰውነት ሲጠቀምበት የሚቀረው ውሃ ብቻ ነው፤ በሽታውን በደም ስር መጨመር ማለት ነው።

ፋርማሲስቱ፦
«ኩላሊት ያወጣዋል» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ጤነኛ የወጣት ኩላሊት በሰዓት ማስወጣት የሚችለው ቢበዛ ከ800 ሚሊ ሊትር እስከ 1 ሊትር ነው። በዕድሜ ይቀንሳል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ የሚሠራው ኩላሊት ሽንትን በሚያቀጥንበት ቦታ ላይ ነው፤ ጨው ወደ ደም እንዳይመለስ ያግዳል። ጨው ከሽንቱ ጋር ይሄዳል፣ ትርፍ ውሃን በቀጭን ሽንት ማስወጣት ግን ያቅታል። ብዙ ሰው «የሚያሸና ኪኒን ስለምወስድ ውሃ መተካት አለብኝ» ይላል። ከዚህ መድኃኒት ጋር ዋናው ስህተት ይሄው ያለጥማት መጠጣት ነው። በብዛት የሚያጠቃውም በዕድሜ የገፉና ቀጫጫ ሴቶችን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት፤ ከዚያ በኋላም የውሃው መጠን ሲለወጥ ይከሰታል።

የባቱ መጨምደድ የፖታሲየም ማነስም ሊሆን ይችላል፤ ይሄው መድኃኒት ፖታሲየምንም ያወርዳል። ሌላ የሚወስዱት አለ? ሰርትራሊን፣ ፍሉኦክሰቲንና ካርባማዜፒን ሶዲየም ስለሚያወርዱ አብረው ካሉ ለሐኪሙ መነገር አለበት። ምግባቸውስ እንዴት ነው?

የአዳማ ልጅ፦
ሌላ መድኃኒት የላትም። ምግብ ላይ ደካማ ናት፣ ጾም ሲሆን ደግሞ በአብዛኛው ሻይ በዳቦ ነው።

ፋርማሲስቱ፦
ሻይ በዳቦው ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ኩላሊት ውሃን ብቻውን አያስወጣም፣ አብሮት የሚወጣ ጨውና ዩሪያ ይፈልጋል፤ ዩሪያ ደግሞ ከፕሮቲን ነው የሚመጣው። የሚበሉት ካነሰ የሚወጣው ውሃም ያንሳል። ጾሙን ማፍረስ አያስፈልግም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ በየቀኑ ይግባበት።

የላብ ባለሙያ፦
ሲሄዱ «ኤሌክትሮላይት» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሶዲየምና ፖታሲየም አብረው ይወጣሉ። ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) እና የደም ስኳርም ይጨመር። ስኳር በጣም ሲወጣ ሶዲየምን በወረቀት ላይ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ በዴሲ ሊትር 100 ሚሊግራም በጨመረ ቁጥር ወደ 2 ሚሊሞል ገደማ። ማንኛውም ብዙ ውሃ የሚጠጣ ሰው ስኳሩ መታየት አለበት፣ በተለይ እየጠማው ከሆነ። ብዙ ጤና ጣቢያ የኤሌክትሮላይት ማሽን ስለሌለው አስቀድማችሁ ደውሉ። ደግሞ ደሙ ጉሉኮስ ከተሰካበት ክንድ እንዳይቀዳ፤ ውጤቱ ቀጥኖ ይወጣል፣ ሐኪሙንም ያሳስታል።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦
ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ። ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2010 ያስቀመጠው በቀን ለሴት 2 ሊትር፣ ለወንድ 2.5 ሊትር ነው። ይሄ ከምግብ የሚገኘውንም ይጨምራል፤ ስለዚህ ለሴት የሚጠጣው 1.5 ሊትር ገደማ ነው። የአሜሪካኖቹ ከፍ ይላል፣ 2.7 እና 3.7 ሊትር፣ አሁንም ምግቡ ተቆጥሮ። «8 ብርጭቆ» የሚባለውን ብዙዎች የሚያያይዙት በ1945 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ከወጣ የ2.5 ሊትር ምክር ጋር ነው። እዚያው ላይ አብዛኛው ከምግብ እንደሚገኝ ተጽፎ ነበር፤ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ግን ማንም አላነበባት። እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ሻይም ቡናም ይቆጠራል፤ በልኩ የተጠጣ ቡና አያደርቅም።

ጤነኛ ሰው በጥማቱ ይመራ፣ ሽንቱ የገለባ ዓይነት ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው። ቀኑን ሙሉ እንደ ውሃ የነጣ ሽንት መጠጡ እንደበዛ ይነግርሻል። የሚያሸና መድኃኒት ወይም ቫይታሚን ቢ የሚወስድ ሰው ግን ቀለሙን አይመን። ነፍሰ ጡር 300 ሚሊ ሊትር፣ የምታጠባ 700 ሚሊ ሊትር ትጨምር። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሽንቱ በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር እንዲደርስ ይጠጣል። የልብ ድካም ያለበት ወይም የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ሰው የራሱ ሐኪም በሚሰጠው ልክ ነው፣ ከዚህ ገጽ አይውሰድ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ባዶ ውሃ ጭራሽ አይሰጥም፤ ኩላሊቱ ስላልጠና ትንሽ ውሃ ደሙን ያቀጥነዋል።

ሰላም ለኢትዮጵያ፦
ጠዋት በባዶ ሆድ የሚጠጣ ግን ሆድ ያለሰልሳል አይደል?

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦
ድርቀት ላለበት አንድ ብርጭቆ ሊረዳ ይችላል። ስብ አያቀልጥም፣ መርዝም አያጥብም፤ ያ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው፣ ለዚያም 1.5 ሊትር አይጠይቁም።

ኳታር ሳይት፦
እኛ ፀሐይ ላይ ለምንሠራውስ? በቀን 8 ሊትር የሚጠጣ አለ፣ ሆኖም ሰው ይወድቃል።

ነርስ ድንገተኛ ክፍል፦
የእናንተ ሌላ ነው፣ ላባችሁ ብዙ ስለሆነ ብዙ መጠጣት አለባችሁ። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አንድ ብርጭቆ፣ 250 ሚሊ ሊትር። በሰዓት ከ1.4 ሊትር አይለፍ። እስከ እረፍት ቆይቶ 2 ሊትር በአንድ ትንፋሽ መገልበጥ ነው የሚጎዳው። ላብ ጨው ይዞ ስለሚሄድ ከሁለት ሰዓት በላይ ከሠራችሁ ባዶ ውሃ ብቻ አይበቃም፤ ምሳችሁን በደንብ ብሉ፣ ኦአርኤስ ካላችሁ አንድ ፓኬት በልኩ በ1 ሊትር በጥብጡ። ከሌለ ለ1 ሊትር 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ተደርጎ። ከዚያ ጨው አትጨምሩ።

ልዩነቱን እወቁት። የደረቀ ሰው ይጠማዋል፣ ሽንቱ ጥቁር ቢጫና ጥቂት ነው፣ ክብደቱ ይቀንሳል። ውሃ የበዛበት ሰው ሆዱ ይሞላል፣ ሽንቱ ብዙውን ጊዜ የነጣ ነው፣ ጣቱ አብጦ ቀለበቱ ይጠብበዋል፣ ክብደቱ ይጨምራል። ለሯጭም ያው ነው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 ፐርሰንቱ ሶዲየማቸው ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምልክት በሩጫው ወቅት ክብደት መጨመር ነበር። ሰውነቱ እንደ እሳት የጋለና ግራ የተጋባ ሰው ግን የሙቀት ምት ነው፣ ውሃ አታጠጡት፤ ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ሰውነቱን ውሃ እያፈሰሳችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ሕጉንም ያዙ፤ ኳታር በፈረንጆቹ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀን 9 ሰዓት ተኩል ደጅ ማሠራት ክልክል ነው።

የአዳማ ልጅ፦
አመሰግናለሁ። ትናንት ወሰድናት። ሶዲየም 126፣ ፖታሲየም 3.2፣ ስኳሯ ደህና ነው። አስተኝተዋታል፣ መድኃኒቱን አቁመው በአምሎዲፒን ቀየሩላት። ስትወጣ በቀን 1 ሊትር ብቻ ብለዋል። ይሄን ቤት ውስጥ እንዴት ልለካው?

ነርስ ድንገተኛ ክፍል፦
እግዚአብሔር ይማርልሽ። ጠዋት አንድ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ሙሉ ውሃ አስቀምጪላቸው። ሻይ ወይም ሾርባ ሲጠጡ የዚያኑ ያህል ከሃይላንዱ ይደፋ፤ ሃይላንዱ ሲያልቅ የዕለቱ አልቋል። የሻይ ብርጭቆሽንና ሲኒሽን አንድ ጊዜ ለክተሽ እወቂው። አፋቸው ከደረቀ በውሃ ተጉመጥምጠው ይትፉት። ሶዲየሙ በተሰጣቸው ቀጠሮ መደገም አለበት፣ «ተሽሏታል» ተብሎ የሚቀር አይደለም፤ የሊትሩንም ገደብ የሚያነሳው ሐኪሙ ነው።

ፋርማሲስቱ፦
አንድ ነገር ልጨምር። አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል። ያ እብጠት ከውሃው አይደለም፣ ሌላ የሚያሸና ኪኒን እንዳታስጀምሩላቸው፤ ለሐኪሙ ንገሩት። ካርዳቸው ላይም «በሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሶዲየም ወርዷል» ተብሎ በጉልህ ይጻፍ፣ ሁለተኛ አይሰጣቸውም። ይሄ መድኃኒት ከሎሳርታን ወይም ከኢናላፕሪል ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ኪኒን ስለሚሸጥ ሌላ ክሊኒክ ሳያውቅ ሊያዝላቸው ይችላል። ፓኬቱ ላይ ከመድኃኒቱ ስም ቀጥሎ «ፕላስ» ወይም «ኤች» የሚል ካያችሁ ሳትከፍሉ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ አስነብቡ።