ክርክር፦ የካናዳ ክፍለ ግዛት እጩነት ለድሬና ለሐረር ሰው ያዋጣል?

አወያይ፦ ፒኤንፒ በሚባለው ፕሮግራም የካናዳ ክፍለ ግዛት የሚፈልገውን ባለሙያ ወይም ነጋዴ መርጦ ያጫል፤ ቋሚ መኖሪያውን የሚሰጠው ግን ፌዴራሉ ነው። ኬቤክና ኑናቩት የሉበትም። ቤት ሸጦ፣ እቁብ ሰብስቦ መግባት ያዋጣል?

የከዚራ ልጅ፦ እንዴት አያዋጣ! ፌዴራሉ ባለሙያዎችን በነጥብ አወዳድሮ ለቋሚ መኖሪያ በሚጋብዝበት ኤክስፕረስ ኢንትሪ ውስጥ ላለ ሰው እጩነቱ 600 ነጥብ ይጨምራል። በ400 ነጥብ የቆመ ሰው ግብዣው እጁ ገባ ማለት ነው።

ሳቢያን፦ አቦ፣ 600ው እንዴት እንደሚገኝ ንገራቸው እንጂ! የማኒቶባ ክፍለ ግዛት ከውጭ የሚያመለክተውን ባለሙያ «እዚህ ማን አለህ?» ትላለች፤ ዘመድ፣ ወዳጅ ወይም እዚያ የሠራበት፣ የተማረበት ታሪክ ያስፈልጋል። ብዙ ዘርፎች ደግሞ የቀጣሪ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። ኮታውም አይታመንም፤ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በፒኤንፒ ለሚገቡ ሰዎች 110,000 የነበረው የፌዴራል ዕቅድ ለ2025 ወደ 55,000 ወርዶ፣ ለ2026 ወደ 91,500 ወጥቷል።

የጀጎሏ፦ ከኮታው በፊት የኛን ሰው የሚጥለው ወረቀት ነው። እዚህ የሚሰጠው የሥራ ልምድ «በቴክኒሽያንነት አገልግለዋል፣ ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ሁለት መስመር ነው። የሚፈለገው የሥራ መደብ፣ ዋና ዋና ተግባራት፣ የሳምንት ሰዓት፣ ደመወዝ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ቀን፣ የድርጅቱ አድራሻና ፊርማ ነው። ተግባሮቹ ከካናዳው የሙያ ኮድ ጋር መግጠም አለባቸው፤ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን 72201፣ የሕንፃው 72200 ነው። ከካናዳ መንግሥት የሙያ ዝርዝር ቃል በቃል መገልበጥ ግን ጥርጣሬ ይጋብዛል። ቀኑንም ተጠንቀቁ፦ መስከረም 2012 ዓ.ም. ሳይቀየር ቢተረጎም፣ ከፓስፖርቱና ከዲግሪው ጋር ሰባት ዓመት ይጣላል። ዲግሪው በካናዳ ደረጃ ከምን እንደሚመጣጠን የሚያሳየው ምዘና 5 ዓመት፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው የአይኢልትስ ጄኔራል ውጤት 2 ዓመት ብቻ ነው የሚቆየው፤ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ትራንስክሪፕት እስኪልክ ጠብቃችሁ ተፈተኑ።

ሳቢያን፦ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) አለኝ ብሎ የሚተማመንም አለ። ኦንታሪዮ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ያለ ክፍለ ግዛቱ ፈቃድ አይሠራም፤ እጩነት ፈቃድ አይደለም።

ታይዋን ተራ፦ እኛ ነጋዴዎቹስ? ገንዘብ አለን።

የጀጎሏ፦ ገንዘብ ያለው ብዙ ነው ወንድሜ፣ ምንጩን የሚያሳይ ነው ያጣነው። ማኒቶባ ቢያንስ 500,000 የካናዳ ዶላር የተጣራ ሀብት ትጠይቃለች፤ ኢንቨስትመንቱ በዊኒፔግና አካባቢዋ 250,000፣ ከዚያ ውጪ 150,000 ነው። ሀብቱ ከየት እንደመጣ በሦስተኛ ወገን ይመረመራል። ከአወዳይ ጫት በእጅ በእጅ የተነገደ፣ በቁርጥ ግብር የኖረ ሰው ምን ሰነድ ያቀርባል? በሐዋላ የወጣ ዶላርም ዱካ የለውም። መጀመሪያ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ነው፤ ንግዱ ከክፍለ ግዛቱ ጋር በተፈረመው ውል መሠረት ካልቆመ እጩነቱ አይመጣም።

ለገሃር፦ ሁላችሁም የድሬን ትልቁን ዕድል ረሳችሁት፤ ፈረንሳይኛ! ከኬቤክ ውጭ ካናዳ ለመኖር ላሰቡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ኤክስፕረስ ኢንትሪ ለብቻ የግብዣ ዙር ያወጣል፣ ከጠቅላላው ዙር ባነሰ ነጥብም ሲጠራ ታይቷል። እጩነት አያስፈልግም። ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስ እዚሁ ከተማችን አለ።

የከዚራ ልጅ፦ ጋሼ፣ የባቡር ፈረንሳይኛ ቴፍ ካናዳ የሚባለውን የቋንቋ ፈተና አያሳልፍም። በአራቱም ክህሎት በካናዳ የፈረንሳይኛ መለኪያ ደረጃ 7 ያስፈልጋል፤ ከዜሮ ለሚነሳ የወራት ነገር አይደለም።

ለገሃር፦ ለኤጀንት የሚከፈለው ብር ትምህርቱን ይችላል። ፈቃድ ያለው አማካሪ ወይም ጠበቃ ካልሆነ ደግሞ በክፍያ ሊወክላችሁ አይችልም። የውሸት ሰነድ ከገባ 5 ዓመት ታግዶ የሚቀመጠው አመልካቹ ነው።

ሳቢያን፦ የእቁቡም ነገር ይነሳ። ያለ ሥራ ቅጥር በኤክስፕረስ ኢንትሪ ለሚገባ ባለሙያ፣ አለኝ ብሎ ማሳየት ያለበት የመቋቋሚያ ገንዘብ ከሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለብቸኛ ሰው 15,263 የካናዳ ዶላር ነው። ብድር አይቆጠርም፤ ባንኩም የ6 ወር አማካይ ቀሪ ይጽፋል። ትናንት የገባ እቁብ አማካዩ ላይ ይጋለጣል።

ታይዋን ተራ፦ ሐረር ያለው የሟች አባቴ ቤትስ ሀብት ሆኖ ይቆጠርልኛል?

የጀጎሏ፦ ካርታው በአባትህ ስም እስካለ ድረስ ያንተ አይደለም። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጣ፣ ካርታውን በስምህ አዙር፣ ከዚያ ግምቱን አሠራ። ወንድምና እህት ካሉህ ድርሻህ ብቻ ነው የሚያዝልህ።