46 ጊጋባይት ሎግ ሰርዤም ዲስኩ ሙሉ ነው ይላል፤ ቦታው የት ሄደ?

የምዝገባ ክፍል አይቲ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት አባላት በሙሉ። የአንድ ኮሌጅ የተማሪዎች ምዝገባ የሚካሄድበትን ሰርቨር ብቻዬን የማስተዳድር ባለሙያ ነኝ። ሰርቨሩ በኡቡንቱ 22.04 የሚሠራ ሲሆን፣ በላዩ አንድ የጃቫ አፕሊኬሽን፣ ፖስትግሬስ ዳታቤዝና የድረ ገጹን ጥያቄዎች የሚቀበል ኤንጂንኤክስ አሉ። ሦስቱም የሚጠቀሙት ኢኤክስቲ4 በሚባለው ፋይል ሲስተም (የፋይል አደረጃጀት) የተዘጋጀ አንድ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ነው።

ዛሬ ጠዋት ምዝገባው በድንገት ቆመ። ሎጉ (ፕሮግራሞች ክስተቶችን የሚመዘግቡበት ፋይል) ላይ 05:40 ተብሎ ተመዝግቧል፤ ሰርቨሩ ሰዓት የሚቆጥረው በዩቲሲ ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ40 መሆኑ ነው። ዳታቤዙ የሚያወጣው መልእክት «በዲስኩ ላይ ቦታ የለም» የሚል ነው። ስፈትሽ የአፕሊኬሽኑ ሎግ ፋይል ብቻውን 46 ጊጋባይት ደርሶ አገኘሁትና በአርኤም ትዕዛዝ ሰረዝኩት። ችግሩ የተፈታ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን የዲስኩን ቦታ የሚያሳየው ዲኤፍ የተባለው ትዕዛዝ አሁንም የሚያሳየኝ ያንኑ ቁጥር ነው፦ ጠቅላላ 79 ጊጋባይት፣ የተያዘ 75፣ ቀሪ 0፣ 100 በመቶ።

በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ሆኜ የፋይሎችን መጠን የሚደምረው ዲዩ ከሥሩ ጀምሮ እንዲደምር ባዝዘው ግን በዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ ተደምሮ 27 ጊጋባይት ብቻ ነው ይለኛል። አንዱ 75 ሲል ሌላው 27 የሚለው ለምንድን ነው? ከዚህም በላይ፣ ከ79 ላይ 75 ሲቀነስ 4 ሊተርፍ ሲገባው ቀሪው 0 የሆነበት ምክንያት አልገባኝም። ሌላም ግራ ያጋባኝ ነገር አለ፤ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ ስም) ስሠራ ትንሽ ፋይል መፍጠር እችላለሁ፣ ዳታቤዙ ግን አንዲት መስመር መጻፍ አልቻለም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በፖስትግሬስ ፎልደር ውስጥ ፒጂ ዋል የሚባለው ቦታ ብዙ ፋይሎች ስላሉበት አሮጌዎቹን ብሰርዝ ለጊዜው መተንፈሻ እንደማገኝ ሐሳብ አቅርቦልኛል። እስካሁን አልነካሁትም። ተማሪዎች ከበር ላይ ተሰልፈዋልና የምታውቁ እባካችሁ ፈጥናችሁ እርዱኝ።

ጥቁር ተርሚናል፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከሁሉ በፊት ፒጂ ዋል ውስጥ ያለውን አንድም ፋይል እንዳይነኩ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። በዚያ ፎልደር ያሉት ፋይሎች የጽሑፍ ሎጎች አይደሉም፤ ዳታቤዙ ማንኛውንም ለውጥ ወደ ዋናው ሰንጠረዥ ከማስገባቱ በፊት አስቀድሞ የሚመዘግብባቸው ናቸው፣ ከአደጋ በኋላ ራሱን የሚያነሣውም ከእነርሱ አንብቦ ነው። ፎልደሩ ቀድሞ ፒጂ ኤክስሎግ ይባል ነበር። በ2017 የወጣው ፖስትግሬስ 10 ስሙን የለወጠው ብዙ ሰዎች «ሎግ» የሚለውን ቃል አይተው እንደ ተራ ሎግ እየሰረዙ መረጃቸውን መልሰው ሊያገኙት በማይችሉበት ሁኔታ ስላጠፉ ነው። አለመንካትዎ የተማሪዎቹን መዝገብ ያተረፈ ውሳኔ ነው።

አሁን ወደ ቦታው ጉዳይ እንሂድ። በዩኒክስ ዘር ሥርዓቶች ውስጥ አርኤም የሚሰርዘው ፋይሉን ሳይሆን የፋይሉን ስም ነው። ስሙ ከፎልደሩ ዝርዝር ይወጣል፤ ፋይሉ በዲስክ ላይ የያዘው ቦታ የሚለቀቀው ግን ምንም ስም ሳይቀርለት ሲቀርና ከፍተው የያዙት ፕሮሰሶችም (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞች) ሁሉ ሲዘጉት ነው። የእርስዎ የጃቫ አፕሊኬሽን ያንን ሎግ ከፍቶ እየጻፈበት ሳለ ስሙን አጠፉበት፤ እርሱ ግን ያለ ስም ወደ ቀረው ፋይል አሁንም እየጻፈ ነው። ዲዩ በፎልደሮች ውስጥ እየዞረ በስም የሚያገኛቸውን ፋይሎች ብቻ ስለሚደምር አላየውም፤ ዲኤፍ ግን የተያዘውን ቦታ የሚጠይቀው ፋይል ሲስተሙን ራሱን ስለሆነ ያየዋል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ልዩነታቸው ራሱ ነው ችግሩን የሚጠቁመው።

የጠፋው 4 ጊጋባይትም አልጠፋም። ኢኤክስቲ4 ሲዘጋጅ ከጠቅላላው ቦታ 5 በመቶውን ለሩት ብቻ ያስቀምጣል። ዲስኩ በሞላ ጊዜ አስተዳዳሪው ገብቶ ለማጽዳት እንዲችል የታሰበ መጠባበቂያ ነው። በሩት ሆነው ፋይል መፍጠር የቻሉት ከዚያ ላይ ነው፤ ፖስትግሬስ የሚሠራው በራሱ ተጠቃሚ ስም ስለሆነ ከመጠባበቂያው መቅዳት አይፈቀድለትም።

እባክዎ ይህን ያስኪዱ፦ ሱዶ ኤልኤስኦኤፍ +ኤል1። ትርጉሙ «ተከፍተው ያሉ፣ ግን ስም የሌላቸውን ፋይሎች አሳየኝ» ማለት ነው። የሚወጣውን መስመር፣ በተለይ የፕሮሰሱን ቁጥርና የፋይል ዲስክሪፕተሩን (ፕሮሰሱ ለከፈተው ፋይል የተሰጠውን መለያ) ቁጥር እዚህ ይለጥፉልን። ባዶ ከሆነ ሌላ መንገድ እንሄዳለን፤ ባዶ ይሆናል ብዬ ግን አልጠብቅም። እስከዚያው አፕሊኬሽኑን ሪስታርት አያድርጉ፤ ሎጉ ለምን 46 ጊጋባይት እንደ ደረሰ የሚነግረን ማስረጃ ያለው እዚያ ስም አልባ ፋይል ውስጥ ነው፣ ፕሮሰሱ ከቆመ ደግሞ አብሮ ይጠፋል።

የምዝገባ ክፍል አይቲ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዳሉት ሁለት መስመር ወጣ። አንደኛው ጃቫ ነው፣ የፕሮሰስ ቁጥሩ 1874፣ ዲስክሪፕተሩ 1፣ መጠኑ 46 ጊጋባይት። ሁለተኛውን አልጠበቅሁትም፤ ኤንጂንኤክስ ሲሆን ወደ 2 ጊጋባይት የሚጠጋ የትናንት የአክሰስ ሎግ (ወደ ድረ ገጹ የመጡ ጥያቄዎች መዝገብ) ይዟል። 27 ላይ 46 እና 2 ሲደመር 75 ይሆናል፣ ከዲኤፍ ጋር ገጠመ።

ኤንጂንኤክስ ለምን እንደያዘው አሁን ገባኝ መሰለኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስጀምረው ፕሮግራም) የሚነሣ ስክሪፕት ትቶ ሄዷል፤ እኩለ ሌሊት ላይ የአክሰስ ሎጉን በጂዚፕ ያሽገውና ዋናውን ያጠፋል። ለኤንጂንኤክስ የሚነግርበት መስመር ግን የለውም።

አሁን የምጠይቀው፣ ምዝገባውን ሳላቋርጥ ቦታውን ማስለቀቅ ይቻላል ወይስ የግድ ሪስታርት ላድርግ? አፕሊኬሽኑ ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል።

ጥቁር ተርሚናል፦

ይቻላል። ሊኑክስ እያንዳንዱ ፕሮሰስ የከፈታቸውን ፋይሎች ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ሥር ያሳያል፤ ስም የሌለውን ፋይል የሚደርሱበትም በዚያ በር ነው። በመጀመሪያ ማስረጃውን ያውጡ፦ ከ/ፕሮክ/1874/ኤፍዲ/1 የመጨረሻዎቹን 5000 መስመሮች በቴል አንብበው በዩኤስቢ ወይም በሌላ ሰርቨር ላይ ያስቀምጡ። ከዚያ ሱዶ ትራንኬት -ኤስ 0 /ፕሮክ/1874/ኤፍዲ/1 ብለው ባዶ ያድርጉት። በሱዶና በ«ይበልጣል» ምልክት (>) ለመሞከር አይድከሙ፤ ምልክቱን የሚያስፈጽመው ሱዶ ሳይሆን የእርስዎ ሼል (ትዕዛዝ ተቀባዩ ፕሮግራም) ስለሆነ ፈቃድ የለህም ይልዎታል። ትራንኬት በሱዶ ሥር ሲሠራ ይህ እንቅፋት የለበትም።

ለኤንጂንኤክስ ደግሞ ኤንጂንኤክስ -ኤስ ሪኦፕን በቂ ነው። አሮጌውን ፋይል ዘግቶ አዲስ ይከፍታል፤ አንድም ተማሪ አይቋረጥም።

ዘአባይ፦

የቀደሙት መልሶች ትክክል ናቸው፤ ሆኖም አንድ የምጨምረው ብርቱ ጉዳይ አለኝ። የጃቫው ዲስክሪፕተር ቁጥር 1 መሆኑን ልብ ይበሉ። ቁጥር 1 የፕሮሰሱ መደበኛ መውጫ ነው፤ ስለዚህ ይህ ሎግ አፕሊኬሽኑ ራሱ የከፈተው ፋይል አይደለም፤ የሚያስነሣው ስክሪፕት ውጤቱን በ«ይበልጣል» ምልክት ወደ ፋይል አዙሮት ነው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ነው የተጻፈው ወይስ ሁለት ጊዜ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። /ፕሮክ/1874/ኤፍዲኢንፎ/1 የሚለውን ፋይል ከፍተው ፍላግስ የሚለውን መስመር ይመልከቱ። 0102001 ካለ ሁልጊዜ በፋይሉ መጨረሻ ላይ የሚጽፍ ነው። 0100001 ካለ ግን ፕሮሰሱ የጻፈበትን ስፍራ በራሱ ያስታውሳል ማለት ነው፤ ፋይሉን ባዶ ቢያደርጉትም ቀጣዩን መስመር የሚጽፈው 46ኛው ጊጋባይት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ባዶ ጉድጓድ ዲስክ አይወስድም፤ ስለዚህ ቦታው በእርግጥ ይለቀቃል። ነገር ግን መጠኑን በኤልኤስ የሚያይ ሰው 46 ጊጋባይት ተመልሶ መጣ ብሎ ይደነግጣል፤ እንደዚህ ያለውን ፋይል ቅጂ የሚያወጣ ባክአፕም ካልተጠነቀቀ ጉድጓዱን በዜሮ ሞልቶ ሊገለብጠው ይችላል።

ይህንን የማነሣው ለዘላቂው መፍትሔ ስለሚያስፈልግ ነው። ብዙ ሰው ሎግሮቴት (ሎጎችን በየጊዜው የሚያዞር ፕሮግራም) ውስጥ ኮፒትራንኬት (ቅጂ ወስዶ ዋናውን ባዶ አድርግ) የሚለውን ቃል ጨምሮ ተገላገልኩ ይላል። በአንድ «ይበልጣል» በተነሣ አፕሊኬሽን ላይ ኮፒትራንኬት ሲሠራ በየሌሊቱ የምነግርዎትን ጉድጓድ ይፈጥራል። በሁለት ምልክት ቢነሣ እንኳ፣ ቅጂው ተወስዶ ፋይሉ ባዶ እስኪደረግ ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ የተጻፉ መስመሮች ይጠፋሉ። ለምዝገባና ለክፍያ መዝገብ ይህ መጥፋት ተገቢ አይመስለኝም።

የእኔ ምክር፣ ምዝገባው ሲቀዘቅዝ አፕሊኬሽኑን በሲስተምዲ (አገልግሎቶችን በሚያስነሣውና በሚቆጣጠረው የሊኑክስ ሥርዓት) ሥር እንዲያስገቡትና ውጤቱ ወደ ጆርናል (የሲስተምዲ ሎግ መያዣ) እንዲሄድ እንዲያደርጉ ነው። ጆርናል ምንም ባያዋቅሩት እንኳ ከፋይል ሲስተሙ 10 በመቶ፣ ቢበዛም 4 ጊጋባይት ብቻ ነው የሚይዘው፤ አሮጌውን ራሱ ያስወግዳል። አንድ አገልግሎት በ30 ሰከንድ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ መልእክት ቢያጎርፍም የተረፈውን ይጥለዋል፤ ይህ ደግሞ ዛሬ በደረሰብዎት ዓይነት ጎርፍ ጊዜ ሰርቨሩን ያድናል። የግድ በፋይል ይሁን ካሉ፣ በዩኒት ፋይሉ (የአገልግሎቱ ማዋቀሪያ) ውስጥ ስታንዳርድ አውትፑት የሚለውን አፔንድ ብለው የፋይሉን አድራሻ ይስጡት።

የክሮኑን ስክሪፕት ያስወግዱት። ኡቡንቱ ኤንጂንኤክስን ሲጭን ለሎግሮቴት የሚሆን ማዋቀሪያ አብሮ ያስቀምጣል፤ ያ ማዋቀሪያ ፋይሉን ካዞረ በኋላ ኤንጂንኤክስ ሎጉን ዳግም እንዲከፍት ምልክት ይልካል፣ ስክሪፕቱ የጎደለውም ይህ ነበር።

ሌላ አንባቢ በተመሳሳይ ችግር ወደዚህ ቢመጣና ኤልኤስኦኤፍ ምንም ባያሳየው፣ ዲኤፍ -አይ ብሎ አይኖዶቹን (ለእያንዳንዱ ፋይል አንድ የሚያስፈልጉትን መዝገቦች) ይቁጠር። ኢኤክስቲ4 ምንም ካልተነገረው ለየ16 ኪሎባይቱ አንድ አይኖድ ስለሚያዘጋጅ፣ በዚህ ዲስክ ላይ ወደ 5 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፤ ጥቃቅን የሴሽን ፋይሎች ሲከማቹ ቦታ እያለ እነርሱ ያልቃሉ፣ የስህተቱ መልእክትም ያው «ቦታ የለም» ነው። እንዲሁም ሌላ ዲስክ ከመገጠሙ በፊት በዚያው ፎልደር ውስጥ የተጻፉ ፋይሎች ከሥሩ ተደብቀው ሊቀሩ ይችላሉ።

የምዝገባ ክፍል አይቲ፦

ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ፍላግሱ 0100001 ይላል፤ በማስነሻ ስክሪፕቱ ውስጥም ምልክቱ አንድ ብቻ ነው። ትራንኬት እንዳደረግሁ ዲኤፍ ከ75 ወደ 29 ወረደ፣ ኤንጂንኤክስ ሎጉን ደግሞ ሲከፍት 27 ሆነና ከዲዩ ጋር ተስተካከለ። ፖስትግሬስ ያለ ሪስታርት መጻፍ ጀመረ፤ ምዝገባው 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ቀጠለ።

ያወጣሁት 5000 መስመር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ስህተት ብቻ ነው፦ አፕሊኬሽኑ የማረጋገጫ ኢሜይል ለመላክ ወደ መልእክት ሰርቨሩ ይሞክራል፣ ግንኙነቱ እምቢ ይባላል፣ ያለ ምንም እረፍት ደግሞ ይሞክራል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብቻ 212 ሙከራ ቆጠርኩ። ለካ የመልእክት ሰርቨሩ የፋየርዎል ደንብ ባለፈው ሳምንት ተቀይሮ ፖርት 587 (ኢሜይል የሚላክበት በር) ተዘግቶብን ኖሯል። ደንቡን የሚያስተዳድረው ክፍል እንዲከፍትልን ጠይቄአለሁ፤ ፕሮግራመሩም ከእያንዳንዱ ያልተሳካ ሙከራ በኋላ የመጠበቂያ ጊዜ እንዲጨምር ተስማምተናል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ያንን 5 በመቶ መጠባበቂያ ወደ 1 በመቶ ባወርደው 3 ጊጋባይት ያህል አገኛለሁ። ልቀንሰው?

ጥቁር ተርሚናል፦

ፓርቲሽኑ አንድ ብቻ ስለሆነና ሥርዓቱ ራሱ በእርሱ ላይ ስለሚኖር አይቀንሱት። ለብቻው ለመረጃ የተለየ ዲስክ ቢኖርዎት ቲዩንቱኤፍኤስ -ኤም 1 ብለው ቢቀንሱት ጉዳት የለውም። በዚህኛው ላይ ግን ዛሬ ጠዋት በሩት ሆነው ሲያጸዱ የተጠቀሙበት ቦታ እርሱ ነው። ይልቁንስ ዛሬ ማታ ከምዝገባ በኋላ አፕሊኬሽኑን በሲስተምዲ ሥር ያስነሡት፤ እስከዚያ ድረስ የሚጽፈው ስም በሌለው ፋይል ላይ ስለሆነ ሎጉን ማንበብ የሚችሉት በፕሮክ በኩል ብቻ ነው። ዲስኩ 80 በመቶ ሲደርስ ኢሜይል የሚልክ አንድ መስመር ክሮን ላይ ለመጨመር ቢያስቡ ደግሞ፣ በዚያው በተዘጋው ፖርት በኩል እንዳይሄድ መንገዱን ለይተው ያዋቅሩት።