ሌንሱ የተሸፈነ ካሜራ የኒውክሌር ጨረርን ማየት ይችላል?

ጥቁር ሳጥን (ጠያቂ)፦

የስልክ ካሜራ ሴንሰር (ብርሃን ተቀባዩ ቺፕ) ጋማ የተባለውን የኒውክሌር ጨረር ሊመዘግብ እንደሚችል ካነበብኩ በኋላ ነገሩን ራሴ ልሞክረው ወሰንኩ። የኋላውን ካሜራ ሌንስ በአሉሚኒየም ፎይልና በጥቁር ናስትሮ ሸፍኜ፣ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬ፣ እያንዳንዳቸው 30 ሰከንድ የሚፈጁ 40 ፎቶዎች አነሣሁ። ፎቶዎቹን አጉልቼ ስመለከት በጥቁሩ መደብ ላይ ወደ 60 የሚጠጉ ነጫጭና ባለቀለም ነጥቦች አገኘሁ፤ በመጨረሻዎቹ ፎቶዎች ላይ ደግሞ ቁጥራቸው ጨምሯል። ቀጥሎም ቁጥሮቹ ጨረር በሚያመነጭ የራዲየም ቀለም የተጻፉበትን አሮጌ የጠረጴዛ ሰዓት ከስልኩ ጀርባ አስጠግቼ ሙከራውን ደገምኩት፤ ይሁን እንጂ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላየሁም። ነጥቦቹ ጨረር ከሆኑ ሰዓቱ ሲቀርብ ለምን አልበዙም? ጨረር ካልሆኑስ ብርሃን በማይገባበት ቦታ ከየት መጡ?

ሲሊከን፦

በመጨረሻዎቹ ፎቶዎች ላይ የታየው ጭማሪ ዋናውን ፍንጭ ይሰጣል። ስልክዎ ለ20 ደቂቃ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ሞቋል፤ ሴንሰሩ የተሠራበት ሲሊከን ሲሞቅ ደግሞ ብርሃን ሳይነካው በራሱ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፣ መጠኑም ሙቀቱ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል። ሲመረት ጥቃቅን እንከን የገባበት ፒክስል ከጎረቤቶቹ ይልቅ ብዙ ስለሚያፈስ፣ ሹተሩ ለረጅም ጊዜ ሲከፈት እንደ ኮከብ ያበራል። እንዲህ ያለው ፒክስል ግን ከፎቶ ፎቶ ቦታውን አይለውጥም፤ ጨረር በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ፒክስሎች መካከል ያንኑ አንዱን ደግሞ የመምታት ዕድሉ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ 40ዎቹን ፎቶዎች ፒክስል በፒክስል ያነጻጽሩና ከአንድ በላይ ፎቶ ላይ የታየውን ነጥብ ሁሉ ይሰርዙ።

ፎቶዎቹ በጄፔግ የተቀመጡ ከሆነ ሌላም ችግር አለ። የስልኩ ሶፍትዌር ብቻውን የቆመ ነጭ ፒክስል ሲያገኝ እንደ ስሕተት ቆጥሮ በጎረቤቶቹ ቀለም ይሸፍነዋል፤ ስለሆነም እርስዎ የሚፈልጉትን ምልክት እርሱ ቀድሞ ያጠፋዋል። በሮው ፋይል፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ባልነካካው ጥሬ ምስል ያንሡ።

አቶም ቆጣሪ፦

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ስለ ሰዓቱ ግን የምጨምረው አለ። ከሰዓቱ ራዲየም ከሚወጡት የጨረር ዓይነቶች (አልፋ፣ ቤታና ጋማ) አልፋውን የሰዓቱ መስታወት ብቻውን ያስቀረዋል፣ ቤታውም በአብዛኛው በመስታወቱ፣ በስልኩ ጀርባና በሌንሱ ላይ ይቀራል፤ ሴንሰሩ ጋ የሚደርሰው እንግዲህ በዋናነት ጋማው ነው። ጋማ ደግሞ በሲሊከን ውስጥ አንዳች ሳይነካ ማለፍ ይቀናዋል። ለምሳሌ ሲዚየም 137 የተባለው ጨረር አመንጪ የሚለቀውን ባለ 662 ኪሎኤሌክትሮንቮልት (የጉልበት መለኪያ) ጋማ ብንወስድ፣ 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ሲሊከን እንኳ ከስድስት ፎቶኖች (የጋማ ጨረር ቅንጣቶች) የሚያገኘው አንዱን ያህል ነው፤ ምቱን የሚመዘግበው የሴንሰሩ ንጣፍ ውፍረት ግን ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ደግነቱ፣ ጋማው ከመሸፈኛው መስታወት ወይም ከንጣፉ ሥር ካለው ሲሊከን መትቶ የሚያስወጣቸው ኤሌክትሮኖችም ወደ ፒክስሎቹ ሊደርሱ ይችላሉ።

አንድ ምት ከተገኘ ግን በግልጽ ይታያል። በሲሊከን ውስጥ አንድ ኤሌክትሮን ነጻ ለማውጣት 3.6 ኤሌክትሮንቮልት ያህል ይበቃል፤ በመሆኑም ፈጣን ኤሌክትሮን ጥቂት ማይክሮሜትር አልፎ ሲሄድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤሌክትሮኖችን ትቶ ያልፋል፣ የጥሩ ሴንሰር የንባብ ኖይዝ (ሴንሰሩ ሲነበብ በራሱ የሚፈጠረው መዋዠቅ) ግን ከጥቂት ኤሌክትሮኖች አይበልጥም። የሚቸግረው ምቱን ማግኘቱ ነው።

ሰዓቱ በሌለበትም ባዶ ቁጥር አይጠብቁ። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር በደቂቃ አንድ ያህል ሚዩዎን (ከሕዋ የሚመጣ ጨረር በአየር ውስጥ የሚፈጥረው ቅንጣት) ከላይ ይወርዳል፤ ሴንሰርዎ 6 በ4 ሚሊሜትር ቢሆን በአራት ደቂቃ አንዱ ያልፍበታል። ሚዩዎን አግድም ሲገባ አንዳንዴ ብዙ ፒክስል የሚያዳርስ ቀጥ ያለ ጭረት ይተዋል፤ ካገኙት ፎቶውን ያስቀምጡት፣ ደስ የሚል ነገር ነው።

ጥቁር ሳጥን (ጠያቂ)፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ሁሉንም በሮው ደግሜ አንሥቼ ተደጋጋሚዎቹን ነጥቦች ሰረዝኩ። ሰዓቱ በሌለበት በ40 ፎቶዎች ላይ 6 ነጥቦች ብቻ ቀሩ፤ ሰዓቱ ከስልኩ ጀርባ ጋር ሲነካካ ግን 31 ሆኑ፣ ከነዚህም ሁለቱ የሦስትና የአምስት ፒክስል ርዝመት ያላቸው ጠማማ መስመሮች ናቸው። ይህን ቁጥር ወደ ማይክሮሲቨርት በሰዓት (የጨረር መጠን መለኪያ) ለመለወጥ የምጠቀምበት ቀመር አለ?

አቶም ቆጣሪ፦

ልዩነቱ እውነተኛ ይመስላል። የእንዲህ ዓይነት ቆጠራ የመዋዠቅ ልክ የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ነው፤ 6 ሲቆጠር ሁለት ተኩል ያህል፣ 31 ሲቆጠር ደግሞ አምስት ተኩል ያህል ስለሆነ፣ ሁለቱ ቁጥሮች በአጋጣሚ ብቻ ይህን ያህል አይራራቁም። ጠማማዎቹ መስመሮችም በሲሊከን ውስጥ እየተላተመ ከሚሄድ ኤሌክትሮን የሚጠበቁ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ሰዓቱን አስቀድመው፣ ባዶውን አስከትለው ይድገሙት፤ የስልኩ ሙቀት እንዳላታለለዎት የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ሲሊከን፦

ለሁሉም ስልክ የሚሆን ቀመር የለም። የሴንሰሩ ስፋት፣ የንጣፉ ውፍረት፣ የጋማው ጉልበት፣ ነጥብ ብለው ለመቁጠር የመረጡት የብሩህነት ወሰን፣ ሁሉም ቁጥሩን ይለውጡታል፤ ስለዚህ ያው ስልክ በታወቀ የጨረር ምንጭ ፊት ከታመነ ዶዚሜትር (የጨረር መለኪያ መሣሪያ) ጋር ጎን ለጎን መመዘን አለበት። ባለሙያዎችም ሳይቀሩ በዚህ ተሰናክለዋል፦ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ በጃፓን አደጋ በደረሰበት የፉኩሺማ ዳይኢቺ የኒውክሌር ጣቢያ 2ኛ ሬአክተር ውስጥ የገባ ካሜራ ምስል ላይ ከታየው ኖይዝ ተነሥቶ የጨረሩ መጠን በሰዓት 530 ሲቨርት ይደርሳል ተብሎ ተገምቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት ግምቱ እጅግ ዝቅ ተደርጎ ታርሟል።

በተፈጥሮ በየቦታው ያለው ጨረር በሰዓት 0.1 ማይክሮሲቨርት አካባቢ ነው፤ በዚህ ደረጃ ስልክዎ በ20 ደቂቃ የሚያገኘው ያው ስድስት ሰባት ምት ስለሆነ፣ መጠኑ እጥፍ ቢሆን እንኳ በቶሎ አያውቀውም። ስልኩ ምንም ስላላሳየ ብቻ አንድ ቦታ ከጨረር ነጻ ነው አይበሉ። ሰዓቱንም ለተሻለ ውጤት ብለው እንዳይከፍቱት፤ ቀለሙ ማብራቱን ያቆመው ብርሃን ሰጪው ዚንክ ሰልፋይድ ስለተጎዳ ነው፣ ራዲየሙ ግን ግማሹ ለመክሰም 1600 ዓመት ይፈጅበታል፣ ተፈርፍሮ የሚወጣው ብናኝም ወደ ሳንባ ይገባል።

ጥቁር ሳጥን (ጠያቂ)፦

አልከፍተውም። ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ደገምኩት፦ ከሰዓቱ ጋር 28፣ ያለ ሰዓቱ 7። አሁን ሰዓቱን 5 ሴንቲሜትር አርቄ ሦስተኛውን ዙር ጀምሬያለሁ።